የጠቆረው ፋክስ

ፋክሱ እጄ ሲገባ ግማሹ ጠቁሮ ነበር። ያመጡልኝ የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ ታክሲ ነጂ ናቸው፤ ወረቀቱን ከፊት መስታወቱ ሥር ጣል አድርገው ከኤርፖርት ዳላስ፣ ከዳላስ ኤርፖርት ሲመላለሱ ውለዋል። የዚያን ዘመን የፋክስ ወረቀት ደግሞ ሙቀት አይወድም፤ ሲሞቅ ይጠቁራል። የቴክሳስ የሐምሌ ፀሐይ እንኳን ወረቀት ሰውም ያጠቁራል፣ ምን ይደረግ።

«ልጄ፣ ከዚህ ውስጥ አንድ ፊት አውጪልኝ» አሉኝ።

አየሁት። ጆሮ የሚመስል ነገር አለ። የኮት ኮሌታ የሚመስል ነገር አለ። የቀረው ጥላሸት ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ፊት ነው ወይስ ያረረ ድስት?» አልኳቸው።

አልሳቁም። ወደ በሩ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጓደኛሽ የለችም አይደል?»

«ሐኪም ቤት ናት፤ ዛሬ ቀጠሮዋ ነው። ምነው?»

«አባቷ ናቸው። አረፉ።»

ክው አልኩ። ያረረ ድስት ያልኩበትን ምላሴን ነከስኩ።

በፈረንጅ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ሪቻርድሰን ውስጥ፣ ከሀይዌዩ ዳር፣ በጎማ ቤትና በዶናት ቤት መካከል በተሸጎጠች አንዲት የማስታወቂያ ሥራ ቤት ነበር የምሠራው። ሰው አርማውን በቢዝነስ ካርድ ይዞልን ይመጣል፣ ሶፍት ላይ ሞነጫጭሮ ይመጣል፤ አንዱማ ከነላቡ ኮፍያውን አውልቆ ሰጥቶኛል። እኔ ስካን አደርገዋለሁ። ኮምፒውተሩ የጥቁሩን ዳር ዳር እየተከተለ መስመር ያሰምርበታል። የማሽን ነገር ግን ያው የማሽን ነው፤ ያየውን ሁሉ ያምናል። አቧራውንም፣ የወረቀቱን እጥፋትም፣ የሰው ጣት ያሳረፈውን ቅባትም የሥዕሉ አካል ነው ብሎ ይስለዋል። መስመሩን ጉንዳን የወረረው ይመስል ነጥብ በነጥብ ያደርገዋል። የእኔ ሥራ ትርፉን ነጥብ እያጠፋሁ፣ የተንጋደደውን እያቀናሁ፣ ክፍት የቀረውን እየዘጋሁ ማጥራት ነው። ከዚያ ቢላ ያለው ማሽን በዚያ መስመር ላይ እየሄደ ቪኒሉን ይቆርጣል። ቢላ ግራጫ አያውቅም፤ ወይ ጥቁር ነው ወይ የለም።

ለቀማው የእሷ ነበር። የእኔዋ ጓደኛ፣ እኔ ያስቀጠርኳት፣ ከሌዊስቪል በየማለዳው የምትመጣው። ማሽኑ ቆርጦ ሲጨርስ ቪኒሉ ላይ ምንም አይታይም፤ ጥቁር ከሆነ ያው ጥቁር አንሶላ ነው። ትርፉ በወረንጦ እየተያዘ ሲነቀል ነው ፊደሉ ብቅ የሚለው። ምስር ከመልቀም ስለማይለይ ሁለታችን «ለቀማ» እንለው ነበር። በእርጋታ የሚሠራ ሥራ ነው፤ የእሷን ዓይነት እርጋታ ደግሞ እኔ በሰባት ትውልዴም የለኝ። ያኔ ልትወልድ ጥቂት ሳምንታት ነበር የቀሯት።

«የእናቷን ጊዜ ታውቂያለሽ» አሉኝ ሽማግሌው።

እንዴት አላውቅም! ባለፈው እርግዝናዋ እናቷ ሲሞቱ አንዲት አፏ የማያርፍ ዘመድ በስልክ ዘረገፈችላት። ብቻዋን ነበረች። ኩሽና ውስጥ ወደቀች፤ ፅንሱም አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ የተባለ እንደሆነ ሰው ሁሉ ያማትባል፣ ጴንጤውም ጭምር።

«ስለዚህ በሰላም እስክትገላገል ሆድ ይፍጀው ብለናል። ባሏም ተስማምቷል። ከወለደች በኋላ፣ ትንሽ ስትጠና፣ በማለዳ ሄደን እናረዳታለን። ያን ቀን ፊታቸው እቤት መኖር አለበት። ዋናው ፎቶ እሷ ጋ ነው ይላሉ አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶቿ፤ እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? እነሱ ያላቸውን ቅጂ፣ አብሯቸው የተነሳውን ሰው ቆርጠው አውጥተው በፋክስ ላኩልን። ወረቀቱ ይኸው እንደምታዪው ነው፤ እስክትወልድ ብናቆየው ምኑ ይቀራል?»

ደሜ ፈላ። ሽማግሌ ላይ አይጮህም፤ እኔ ግን ስናደድ ዕድሜ አላይም።

«እና እኔን ምን ብለው ጨመሩኝ? አጠገቤ እኮ ነው የምትቀመጠው! ቀኑን ሙሉ ዓይን ለዓይን ነን! ሌላ ሱቅ ጠፋ?»

«ፈረንጁ ሰውየውን አያውቃቸውም፤ እንዳመጣለት ያወጣቸዋል። አንቺ የቤተክርስቲያናችንን ሰሌዳ እንዴት አድርገሽ ነው የሠራሽው! እጅሽ እኮ...»

ሙገሳ ሲጀምሩ እንዳለቀልኝ ገባኝ። ፋክሱን ተቀበልኳቸው። በነጭ ሰሌዳ ላይ፣ በጥቁር ቪኒል፣ የሰውየውን ፊትና ትከሻ በትክክለኛው የሰው ልክ እንዳደርገው አዘዙኝና ጌታ ይባርክሽ ብለው ሄዱ።

በማግስቱ እሷ ሥራ ገባች። ወንበሯ ላይ ተመቻችታ ሆዷን ጠረጴዛው ሥር አስገባችና «ጉድ ልንገርሽ» አለችኝ። «ባሌ ሳህን ማጠብ ጀምሯል።»

«ኧረ ተይ!»

«ሙች! ሰሞኑን አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እሱ ሥራ ቀርቶ፣ ቤቱን ጠራርጎ፣ ሳህኑን አጥቦ፣ ፊቱንም ታጥቦ ጠበቀኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ነው።»

«ሆድሽ ገፍቶ ነዋ፣ ታድለሽ!»

«ሆዴ የገፋው ዛሬ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ከልክ አልፎ አለቃችን፣ የዚያ አገር ሰው ነው፣ ምን ተገኘ ብሎ አንገቱን በበሩ አስግጎ አየን። ሳህን ያጠበበት ቀን አማቱ መሞታቸውን የሰማበት ቀን እንደሆነ ገብቶኝ ነበር።

ፋክሱን የምሠራው እሷ ለምሳ ወይም ለሽንት ስትነሳ ነበር። እርጉዝ ናትና ለሽንት ቶሎ ቶሎ ትነሳለች፣ እሱ ጠቀመኝ። ሙቀቱ ወረቀቱን እዚህም እዚያም አዥጎርጉሮታል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ እያንዳንዱን ጠብታ አክብሮ ከቦታል። አንዱን ስሰርዝ ሌላው አለ። ግንባራቸውን አጠራሁ። ጉንጫቸው ላይ ያለው ጥላ ይሁን ያረረ ወረቀት መለየት አቃተኝ፤ ሰውየውን በሕይወቴ አይቻቸው አላውቅም። አፍንጫው ላይ ስደርስ የእሷን አፍንጫ እያሰብኩ አቃናሁት። እንዲህ ያለ ሥራ ጠላቴም አይሥራ። ከጎኔ ቁጭ ብላ ስታፏጭ በጎን አያታለሁ፤ ስትነሳ ደግሞ አባቷን ከጥላሸት ውስጥ አወጣ ነበር። በግራ ትከሻቸው ላይ ጎን ለጎን የተሰለፉ አራት ጠብታዎች ነበሩ። ቆሻሻ ናቸው ብዬ ሰረዝኳቸው፤ የኮቱ መስመርም ጥርት አለልኝ።

አንድ ረቡዕ ቀን ዓይናቸው ላይ ነበርኩ። አጉልቼው ስክሪኑን ሞልቶታል። የከተማው የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ሳይረን ድንገት ማላዘን ጀመረ፤ ሙከራ ነው፣ በየወሩ ይጮሃል፤ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ፤ ብቻ ያን ቀን ብድግ አልኩ። ዘወር ስል ከኋላዬ ቆማለች። አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነው።

«ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ ስክሪኑን እያየች።

«ሐይቅ ነው።» ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። «የአንድ የዓሣ አጥማጆች ክለብ አርማ። የሌዊስቪልን ሐይቅ ካርታ ነው የሚፈልጉት።»

«መሀሉ ላይ ደሴት አለው?»

«አለው መሰለኝ።»

ሳይረኑ እስኪያባራ ቆማ አየችው። ከዚያ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ውሸቴ እንዳይጋለጥ ፋይሉን ራሱን «ሐይቅ» ብዬ ሰየምኩት። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በየእሁዱ በስልክ ካርድ አዲስ አበባ ትደውል ነበር። ሰኞ ስትገባ ደግሞ ለእኔ ትነግረኛለች።

«አባዬ ገጠር ሄዷል አሉኝ።»

«እውነት?» አልኩ፤ ስካነሩን እየጠረግሁ።

«በዚህ ክረምት? ማለቴ፣ በዚያ ጉልበቱ? ከቤት ደጅ ለመውጣት እንኳን ድጋፍ የሚፈልግ ሰው?»

«አየር ለመለወጥ ይሆናላ።»

«ይሆናል» አለችና ወረንጦዋን አነሳች። ትንሽ ቆይታ «አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ! ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ስለገጠር የማውቀው ነገር የለኝም» ብዬ ተነስቼ ሄድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መደንገጥ ሥራዬ ሆነ። ስልክ ሲጮህ እደነግጣለሁ። የሀበሻ ፊት በበሩ ሲታይ እደነግጣለሁ። ሆዷን በያዘች ቁጥር የማምጠው እኔ ነበርኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ እየጠራሁ እራገማለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ እላለሁ።

ሥራውን ስጨርስ እሷ በሌለችበት ቀን ራሴ ቆርጬ ራሴ ልለቅመው ወስኜ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መኪና በር ላይ ፊደል ልለጥፍ ወደ ፓርኪንጉ ወጣሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ፊደሉን የያዘውን ቴፕ ስልጥ፣ የአየር አረፋውን ስጫን ቆየሁና ላቤን እየጠረግሁ ገባሁ። አለቃችን ስልክ ላይ ነው፤ «ኦኬ፣ ኦኬ፣ እየተለቀመ ነው» ይላል። እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ አቀርቅራለች። ጠረጴዛዋ ላይ ትልቅ ጥቁር ቪኒል ተዘርግቷል።

አንገቴን አስግጌ አየሁት፤ የእኔው «ሐይቅ» ነው። ለካ እውነተኛ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ! እኔ የማላውቀው፣ ለጀልባቸው ስቲከር ያዘዙ ሰዎች። አለቃዬ ሥራቸውን ከኮምፒውተሬ ሲፈልግ «ሐይቅ» የሚል ፋይል አገኘ፣ ቆረጠው፣ ፊቷ ዘረጋላት። እሱ ያየው ጥቁር አንሶላ ነው። ምን ይፈረድበታል?

ፀጉሩ ወጥቷል። ግንባሩ ወጥቷል። አንዱ ዓይን ወጥቶ ሌላው ገና በጥቁሩ ውስጥ ነው። ቀስ ብላ፣ የወረንጦዋን ጫፍ ከጠርዙ ሥር እያስገባች፣ ትርፉን ታነሳለች። ድምፅ የለም፣ የቪኒሉ መላቀቅ ብቻ ነው። ልጮህ አሰብኩ። ልጠቀልልና ልሮጥ አሰብኩ። ብደነግጥ ትደነግጣለች፣ ብትደነግጥ ልጁ አለቀለት፤ እሱን ብቻ ነበር የማስበው። ስለዚህ እንደ ድንጋይ ቆምኩ። ሁለተኛውን ዓይን አወጣችው። አፉን አወጣችው። ኮሌታውን፣ ኮቱን፣ ትከሻውን። እጇ አንዴም አልተንቀጠቀጠም።

«ቴፑን አቀብይኝ» አለች ሳትዞር። ለካ መግባቴን አውቃለች።

ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም፤ በወረንጦው ጫፍ የግራውን ትከሻ ነካችው።

«እዚህ ጋ የነበሩትን ለምን አጠፋሻቸው?»

«የቶቹን?»

«አራት ነገሮች።»

«ቆሻሻ መስለውኝ...»

«ጣቶቼ ናቸው» አለች።

ከቦርሳዋ መጽሐፍ ቅዱሷን አውጥታ ከመሀሉ ፎቶውን መዘዘችው። አባቷ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እሷ ከኋላቸው ቆማ ግራ ትከሻቸውን ይዛለች። ፋክሱን የላኩት ሰዎች እሷን ቆርጠው ሲያወጡ ጣቶቿ እዚያው ቀርተው ነበር። እኔ ደግሞ ላጠራ ብዬ እነሱንም አነሳሁባት።

ተንበርክኬ እግሯን ያዝኩ። «በጌታ፣ ልጁን፣ ልጁን አስቢ...» ሌላ ቃል አልወጣኝም።

«ተነሺ፣ ሰውየው ያየናል» አለችኝ። ፊቷ ደረቅ ነው። እንደዚያ ያለ ፊት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም፤ አስፈራኝ። «ስሚኝ። ማወቄን ለማንም አትናገሪ። ካወቁ ይመጣሉ። ከመጡ አለቅሳለሁ። አሁን ማልቀስ አልችልም፣ መጀመሪያ ይሄ ይውጣልኝ።» እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«እንዴት አድርገሽ ትችዪዋለሽ?»

«አንቺ ችለሽ የለ?» አለችኝና ወረንጦዋን አስቀመጠች። «ጣቶቼን መልሺልኝ፤ እንደገና እለቅመዋለሁ።»

መለስኳቸው። ከፎቶው ላይ እያየሁ አራቱንም አንድ በአንድ ሣልኩና መስመራቸውን ዘጋሁ። ቀጭን ነገር ሲለቀም አብሮ ይነሳል፤ ስለዚህ ትንሽ ወፈር አደረግኋቸው። እሷም ለቀመችው። ሰሌዳው ላይ ለጥፈን በመጠቅለያ ወረቀት ሸፍነን ከቪኒል ጥቅሎቹ ኋላ አቆምነው። አለቃችን ደጋግሞ ይቅርታ ጠየቀን፤ ዓሣ አጥማጆቹም የሚገባቸውን ሐይቅ ወሰዱ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሳምንታት ከዚያች ቀን የባሱ ነበሩ። አንድ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ እሷና ባሏ ቤታቸው ምሳ ጋበዙኝ። ከበላን በኋላ ካርዷን ፍቃ አዲስ አበባ ደወለች። ባሏ ሳህን ያጥባል፤ ጀርባው ነው የሚታየኝ።

«ከገጠር አልተመለሰም እንዴ?» አለች በስልኩ። «ኦኬ። ሶ፣ ሲመለስ ሰላም በሉልኝ። ጭቃው እንዳያዳልጠው፣ ከዘራውን ይያዝ።»

ሳቋን ጨምራበት ነው የተናገረችው። ባሏ ውኃውን ከፍ አድርጎ ለቀቀው። የታጠበውን ሳህን መልሶ አጠበው። እሱ ለእሷ ብሎ ይዋሻል፣ እሷ ለልጁ ብላ ትዋሻለች፣ እኔ መሀል ቤት የሁለቱንም ይዤ ተቀምጫለሁ። ይሄ ልጅ ምን እየሰማ ነው የሚያድገው እዚያ ውስጥ እያልኩ ሆዷን አየው ነበር። እንዲህ ታፍኖ የኖረ ነገር መጨረሻው አያምርም ብዬ ተማምኜ ነበር፤ በየጠዋቱ ዘግይታ በገባች ቁጥር ወደቀች የሚል ስልክ እጠብቃለሁ።

ወለደች። ወንድ ነው፤ ጤነኛ፣ ድምፁ ጎረቤት የሚቀሰቅስ። ስልኩን እንደዘጋሁ አለቃችን ፊት ተቀምጬ አለቀስኩ። እሱም ክፉ ነገር የሰማሁ መስሎት ውኃ አመጣልኝ።

ከወለደች በኋላ ጠንከር ስትል ሽማግሌው ኮል አደረጉኝ። ቅዳሜ፣ ገና ሳይነጋ፣ ሌዊስቪል አፓርትመንታቸው ፊት ፓርክ አድርገን በየመኪናችን ተቀምጠን ተጠባበቅን። ብርሃን ሲገለጥ ሁላችንም ተነስተን በአንድ ላይ ወጣን። ሰሌዳውን ያቀፍኩት እኔ ነኝ። ባሏ ሕፃኑን ታቅፎ በሩን ከፈተው፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። እሷ ሳሎን ቆማለች። ያን ያህል ሰው በዚያ ሰዓት ሲገባ ያየ ሀበሻ ማን ይነግረኛል አይልም። ሽማግሌው «ልጄ፣ የጌታ ፈቃድ ነው...» ብለው ሳይጨርሱ ጮኸች። እንዴት ያለ ጩኸት ነው! ያን ሁሉ ሳምንት የት አስቀምጣው ነበር? ደረቷን ደቃች፣ አባዬ አባዬ አለች፣ ሴቶቹ ያዟት፣ እኔም አብሬ አነባሁ። ሰሌዳውን ገልጬ ቴሌቪዥኑ ላይ አቆምኩት።

እርሟን አውጥታ፣ ድምፏ ሰልሎ ፍራሽ ላይ ስትቀመጥ፣ ሽማግሌው አጠገቤ መጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ጌታ ይመስገን» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሳታውቅ፣ በሰላም ተገላገለች። ሆድሽ ቻለ፤ ተባረኪ።»

እሳቸው ወደ ሰሌዳው ጠጋ አሉ። በጥሞና አዩት፣ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ፣ ከዚያ ትከሻው ላይ ዓይናቸው ቆመ።

«ይቺ ይቺ ምንድን ናት? ሙቀቱ ያበላሸው ቀርቶ ነው መሰለኝ» ብለው በጥፍራቸው ሊፍቁት ጀመሩ።

«ጋሼ፣ አይንኩብኝ!»

ከፍራሹ ተነስታ መጣች። እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች፤ አራቱ ጣቶቿ አራቱ ጥቁሮች ላይ ልክ ገቡ። የሰው ልክ ነበርና የተሠራው። ሽማግሌው እጇን አዩ፣ እኔን አዩኝ። ባሏ ግን ሕፃኑን እንዳቀፈ ቀስ ብሎ ቀረባት።

«ታውቂ ነበር?» አላት።

ራሷን ነቅንቃ አዎ አለችው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

እሱ ይህን ሲጠይቅ እኔ መልሱን የማውቅ መስሎኝ ነበር።

«ከአንተ እኩል» አለችው። «ሳህን አጥበህ፣ ፊትህን ታጥበህ የጠበቅኸኝ ዕለት።»

ከዚያ ነው ባሏ ያለቀሰው፤ እዚያው፣ ቆሞ፣ እንደ ልጅ። ሕፃኑን ከእጁ ተቀበልኩት።